ዲዋሊን በደሴና በኮምቦልቻ ማሰናዳት፦ ቅቤው፣ ስኳሩና መብራቱ

ዲዋሊ፣ የሂንዱዎች የመብራት በዓል፣ በሕንድ የጨረቃ አቆጣጠር ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት ይውላል። በእኛ ቀን ቢሰላ ከጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት ድረስ ይመላለሳል። በ2018 ጥቅምት 10 ነበር፤ በ2019 እሑድ ጥቅምት 29፣ በ2020 ደግሞ ዓርብ ጥቅምት 18 ይውላል። ከሕንድ የሚመጣ የቀን መቁጠሪያ ላይ የጸሎት ሰዓት ተጽፎ ካገኙ ሕንድ ከእኛ በ2 ሰዓት ተኩል እንደምትቀድም ያስታውሱ። ዋናው ጸሎት የሚጀመረው ግን እርስዎ ባሉበት ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ፣ ደሴ ላይ በጥቅምት መጨረሻ ከቀኑ 11፡50 ገደማ ብሎ መያዝ ይበቃል።

ለበዓሉ ከሚያስፈልገው አብዛኛው ገበያ ላይ አለ። ዝግጅቱን የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቅመም የገባበት ቅቤ፣ የከተማው ከፍታ፣ እና የሚረጋ የፓልም ዘይት። ሕንድ ተምረው የተመለሱም ሆኑ ሕንዳዊ የሥራ ባልደረባቸውን የሚያግዙ ሰዎች እነዚህን ሦስቱን ካወቁ ሌላው ቀላል ነው።

አምስቱ ቀናት

በዓሉ አምስት ቀን ነው፤ ሁሉንም ማክበር ግን ግዴታ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን፣ በዳንቴራስ፣ አዲስ የብረት ዕቃ ይገዛል፤ ወርቅና ብር የሚገዛም አለ፣ አንድ የማይዝግ ብረት ሳህንም ይበቃል። ማታ ለሞት አምላክ ለያማ አንድ መብራት ወደ ደቡብ ዞሮ ይበራል። ሁለተኛው ቀን አምላኩ ክሪሽና ናራካሱራ የተባለውን ጋኔን የገደለበት ነው። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ የሀብትና የበረከት አምላክ ላክሽሚ ትመለካለች። በሰሜን ሕንድ ልዑል ራማ ከ14 ዓመት ስደት በኋላ የጋኔኖቹን ንጉሥ ራቫናን ድል አድርጎ ወደ ከተማው ወደ አዮድያ የተመለሰበት ሌሊትም ይኸው ነው፤ መብራቱ የመጣው ከዚያ ነው ይላሉ። በአራተኛው ቀን ብዙ ዓይነት ምግብ ለክሪሽና ይቀርባል፤ ለጉጃራቶች አዲስ ዓመት ነው። አምስተኛው የወንድምና የእህት ቀን ሲሆን እህት ወንድሟን ግንባሩን ቀብታ ታበላዋለች። ሥራ ለሚውል ሰው ሦስተኛውን በደንብ፣ አምስተኛውን በአጭሩ ማክበር ያዋጣል።

ቅቤው

የሕንድ ጣፋጭ የሚሠራው በተነጠረ ቅቤ ነው፣ የእኛ ንጥር ቅቤ ግን ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ኮሰረት ይገባበታል። ያንን ቅቤ ላዱ (ድብልብል ጣፋጭ) ውስጥ የጨመረ ሰው የሚያገኘው ጣፋጭ የወጥ ሽታ ያለው ነው፤ ስኳር አይሸፍነውም። ስለዚህ ለጋ ቅቤ ገዝተው ለብቻው ያንጥሩ። የቆየና የኮመጠጠ ቅቤ ለወጥ ቢያምርም ለዚህ አይሆንም።

1 ኪሎ ለጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ውሃው እስኪጠራ ደጋግመው ይጠቡ። ቅመም ነክቶት በማያውቅ ወፍራም ድስት በዝግታ ያቅልጡት፤ የእንጨት ማማሰያውም አዲስ ወይም ሽታ የሌለው ይሁን። አረፋውን እየገፈፉ ይጠብቁ። መንጣጣቱ ሲያቆምና ሥር የተቀመጠው ዝቃጭ ፈዛዛ ቡናማ ሲሆን አውርደው በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ያጥልሉ። ከ750 እስከ 800 ግራም ይወጣል። ዝቃጩ ከጠቆረ ምሬቱ ወደ ቅቤው ይገባል፤ ያኔ ለመብራት እንጂ ለጣፋጭ አይበጅም።

የሽምብራ ላዱ

ሽሮ አይሆንም፤ ተቆልቷል፣ ቅመምም አለበት። ያልተቆላ የሽምብራ ክክ ገዝተው ወፍጮ ቤት ያስፈጩ፣ ነገር ግን ከበርበሬ ወይም ከሽሮ ቀጥሎ እንዳይፈጭብዎ ባለወፍጮውን አስቀድመው ይንገሩ። ስንዴ ከተፈጨ በኋላ ተራ ቢይዙ ይሻላል። ቤት ሲደርስ በደቃቅ ወንፊት ይንፉት።

ለ20 ያህል ላዱ፦ 250 ግራም የሽምብራ ዱቄት፣ 125 ግራም ያነጠሩት ቅቤ፣ 160 ግራም ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል። ስኳሩን መጀመሪያ በመፍጫ ዱቄት ያድርጉት፤ የገበያው ስኳር ፍሬው ትልቅ ስለሆነ እንዳለ ከገባ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ሄል ከጠፋ ኮረሪማ ይቻላል፣ ግን በግማሹ ቀንሰው፤ ጠንካራ ነው።

ቅቤውንና ዱቄቱን አንድ ላይ በዝቅተኛ እሳት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ሳያቋርጡ ያማስሉ። መጀመሪያ ይጠጥራል፣ ከዚያ ይላላል፣ በመጨረሻም ቅቤው ከዳር መለየት ይጀምራል። የጥሬ ሽምብራ ሽታ ጠፍቶ የተቆላ ሽታ ሲመጣ ደርሷል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ላዱው ምላስ ላይ ይጣበቅበታል፣ ጥሬነቱም ይታወቃል። እሳቱን አጥፍተው ለብ እስኪል ይተዉት፤ ስኳር በሙቁ ከገባ ይቀልጥና ሊጡ ይፈሳል።

ከዚያ ስኳሩንና ሄሉን አሽተው ያድቦልቡሉ። ከተፈረካከሰ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ፣ ከተዘረገፈ ደግሞ ትንሽ የተቆላ የሽምብራ ዱቄት ይጨምሩ። ደሴ ላይ በጥቅምት ማታ ቅቤው እጅዎ ላይ ይረጋል፣ የመጨረሻዎቹ ላዱዎች ይሰነጣጠቃሉ፤ ሳህኑን ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ላይ አስቀምጠው ይሥሩ። ኮምቦልቻ ላይ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥምም።

ጉላብ ጃሙን

ይህኛው ተጠብሶ የስኳር ሽሮፕ ውስጥ የሚነከር የወተት ድብልብል ነው፤ ለእንግዳ የሚቀርብ፣ ሁሉም የሚወደው፣ በቀላሉም የሚበላሽ ነው። በሕንድ ወተት ለሰዓታት ተማስሎ እስኪጠጥር ይደርቃል፤ በዱቄት ወተት መሥራት ግን ነውር የለበትም፣ እዚያም ብዙ ቤት እንዲሁ ነው የሚሠራው።

ለ16 ፍሬ፦ 120 ግራም የዱቄት ወተት፣ 35 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ከ60 እስከ 75 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ እና ቤኪንግ ሶዳ። የሶዳውን መጠን ልብ ይበሉ፦ የሕንድ አዘገጃጀቶች ሩብ የሻይ ማንኪያ ይላሉ፣ ደሴ ላይ የዚያን ግማሽ ይጨምሩ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ አብዝቶ ያብጣል፣ ፍሬው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል ወይም ሽሮፕ ውስጥ ይሟሟል።

ሽሮፑን አስቀድመው ያዘጋጁ፦ 400 ግራም ስኳር በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ ሎሚ፣ አራት የተሰነጠቀ ሄል። ከፈላ በኋላ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃል። በሁለት ጣት መካከል ሲነካ እንደ ማር የሚያጣብቅ፣ ግን ክር የማይስብ መሆን አለበት። ክር ከሳበ ወደ ፍሬው አይገባም፤ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨምረው ያላሉት። በቴርሞሜትር የሚሠራ ሰው መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ከተከተለ ይደርቅበታል፤ ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ገደማ ስለሚፈላ ለስኳር የተሰጠውን ሙቀት ሁሉ ደሴ ላይ 8፣ ኮምቦልቻ ላይ 6 ዲግሪ ይቀንሱለት።

ደረቁን ከቅቤው ጋር በጣት ያሹ፣ ወተቱን በጥቂት በጥቂቱ ያፍስሱ። እንደ ዳቦ ሊጥ አያቡኩት፤ ከተቦካ ይደድራል። እጅ ላይ እየተጣበቀ 10 ደቂቃ ያሳርፉት፣ የዱቄት ወተቱ እርጥበቱን ይጠጣል። ከዚያ እጅዎን ቅቤ ቀብተው ስንጥቅ የሌለው ድብልብል ይሥሩ። ስንጥቅ ካለ ሊጡ ደርቋል፤ በወተት ያርጥቡት።

ዘይቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁንና በዝግታ ይሙቅ። ትንሽ ሊጥ ሲጣል ወደ ሥር ወርዶ ቀስ ብሎ ከወጣ ልክ ነው፤ ወዲያው ከተንሳፈፈና ከቀላ ሙቀቱ በዝቷል፣ ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ከ6 እስከ 8 ደቂቃ እያገላበጡ ጥቁር ቀይ እስኪሆን ይጥበሱ፣ አንድ ደቂቃ አሳርፈው ሙቅ ወደሆነ፣ ግን ወደማይፈላ ሽሮፕ ይጨምሩ። ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆይ። የፓልም ዘይት ሲቀዘቅዝ ፍሬው ላይ ሰም የመሰለ ሽፋን ይተዋል፤ የሱፍ ዘይት ይጠቀሙ።

ለጾመኛ እንግዳ

ዲዋሊ አብዛኛውን ጊዜ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በጽጌ ጾም ውስጥ ይወድቃል። የፈቃድ ጾም ቢሆንም የሚጾመው ብዙ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ሲገጥም ደግሞ ያለ ጥርጥር። ወተትና ቅቤ የሌለው አንድ ጣፋጭ ካላዘጋጁ ጎረቤት መጥቶ ቡና ብቻ ጠጥቶ ይሄዳል።

የሰሊጥ ላዱ ይህን ይፈታል። 250 ግራም ነጭ ሰሊጥ በደረቅ ምጣድ መፈንጠር እስኪጀምር ይቁሉና ያውርዱ። 180 ግራም ስኳር፣ 60 ሚሊ ሊትር ውሃና አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ያፍሉ፤ ማሩ ስኳሩ ተመልሶ ፍሬ እንዳይሆን ይከላከላል። ጠብታው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ጠጠር ያለ፣ ግን ሲጫኑት የሚታጠፍ ኳስ ሲሆን (ደሴ ላይ ከ110 እስከ 112 ዲግሪ) ሰሊጡን ጨምረው ያውርዱ። ዘይት በተቀባ እጅ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ በፍጥነት አድቦልቡሉት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይጠጥራል፤ ከደረቀ ድስቱን መልሰው ትንሽ ያሙቁት።

መብራትና ወለል

መብራቱ የሚበራባቸውን የሸክላ ኩባያዎች ሸክላ ከሚሠሩ ሴቶች ቀደም ብለው ያሳዝዙ፤ ጥልቀታቸው ሁለት ጣት፣ ከንፈራቸው በአንድ በኩል ሾጠጥ ያለ። ከመጠቀምዎ በፊት ለጥቂት ሰዓት ውሃ ውስጥ ነክረው ያድርቋቸው፤ ካልሆነ ሸክላው ዘይቱን ይጠጣዋል። ክሩ ከንጹሕ ጥጥ በእጅ ይጠቀለላል። ሰው ሠራሽ ክር ስለሚቀልጥ አይሆንም።

የፓልም ዘይት በደሴ ብርድ ከነበልባሉ ራቅ ብሎ ያለው ይረጋል፣ ክሩ መሳብ ያቆማል፣ መብራቱ ይጠፋል። የሰሊጥ ወይም የሱፍ ዘይት ይሁን። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ደጅ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋልና የውጪዎቹን በብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጡ። ቄጠማ መጎዝጎዝ ካሰቡ ከመብራቱ ይራቅ።

ደጃፍ ላይ የሚሣለውን ራንጎሊ በሩዝ ዱቄት ይጀምሩ፤ ቢጫው ቀለም ዱቄቱ ላይ የተነሰነሰ እርድ፣ ሌላው የአበባ ቅጠል። ቀይ ቀለም ፍለጋ በርበሬ መነስነስ የሚያስቡ አይጠፉም፤ ንፋስ ሲነሳ እንግዳው ሁሉ ያነጥሳል።

ርችት ይቅር። በ2014 በዚሁ በጥቅምትና በኅዳር ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ነበር፤ በማታ ድንገት የሚጮህ ነገር ለጎረቤት በዓል አይመስለውም።

ጸሎቱና እንግዳው

ቤቱ ተጠርጎ፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ጨርቅ ይነጠፋል። የጋኔሻ (የዝሆን ራስ ያለው አምላክ) እና የላክሽሚ ሥዕል፣ ውሃ የተሞላ የብረት ማሰሮ፣ አፉ ላይ አምስት የማንጎ ቅጠል፣ በላዩ ኮኮናት ይቀመጣል፤ ኮኮናት ካልተገኘ አንድ ሙሉ ፍሬ ይተካዋል። ሰንደል ይጨሳል። መጀመሪያ ጋኔሻ፣ ቀጥሎ ላክሽሚ ይለመናሉ፤ ጥሬ ሩዝ፣ አበባና ጣፋጭ ይቀርባል፣ መብራቱ በክብ ይዞራል። ጫማ ይወልቃል፤ አጎዛና የቆዳ ዕቃ ከክፍሉ ይወጣል። በዚያ ቀን ቤቱ ውስጥ ሥጋና እንቁላል አይሠራም፣ ለአምላክ የሚቀርበው ላይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባም። ተጋባዥ ከሆኑ ኬክና መጠጥ ትተው ፍራፍሬ፣ ማር ወይም ቡና ይዘው ይሂዱ።

ለጸሎት የቀረበው ምግብ ተመልሶ ለሰው ይታደላል። ብዙ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤቶች ግን ለሌላ አምልኮ የቀረበ አይበሉም፤ ወሎ ላይ አብሮ መብላት የቆየውም ይህን ዓይነቱን ነገር ሳይደባብቁ ስለሚነጋገሩ ነው። ስለዚህ ከጸሎቱ በፊት የእንግዳውን ድርሻ በሌላ ትሪ፣ በሌላ ክፍል ያኑሩ፣ የጾሙንም ለይተው። ሲያቀርቡ በግልጽ ይናገሩ፦ «እትዬ፣ ይሄኛው ለጸሎት አልቀረበም፣ የጾም ነው፤ ይብሉ።» ጠያቂ ሳይኖር መናገሩ እንግዳውን ከመሸማቀቅ ያድነዋል።

የሽምብራው ላዱ በተከደነ ዕቃ ሁለት ሳምንት፣ የሰሊጡ ከዚያም በላይ ይቆያል። ጉላብ ጃሙን ፍሪጅ ውስጥ አራት አምስት ቀን ነው፤ ከማቅረብ በፊት ያሙቁት። ከደሴ ኮምቦልቻ ለዘመድ የሚልኩ ከሆነ ፍሬውን ከሽሮፑ አውጥተው በአንድ ዕቃ፣ ሽሮፑን በጠርሙስ ለብቻ ያሽጉ፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ክዳን ያላላል።