ቮልሷ ስትንተፋተፍ፦ ለደሴና አካባቢዋ የቮልስ ሞተር ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ አንዲት ቮልስ መንተፋተፍ ስትጀምር መጀመሪያ የሚከሰሰው ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው) ነው። ያገኘ ሁሉ ካቻቢቴ ይዞ እሱ ላይ ይዘምታል። እባካችሁ እሱን መጨረሻ ላይ አድርጉት! መጀመሪያ ቫልቭ (የሲሊንደሩ የአየርና የጭስ በር)፣ ቀጥሎ እሳት (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ)፣ ከዚያ የአየር መግቢያው፣ ካርቡራተር በመጨረሻ። ቫልቩ ያልተስተካከለ ሞተር ላይ ቤንዚን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ ዛሬ ለስላሳ ቢሆንላችሁ ነገ ይመለሳል።

ደግሞ ከመፍታታችሁ በፊት ሰዓቱንና ቦታውን ልብ በሉ። ጠዋት ነው የምትንተፋተፈው? የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ነው? ወይስ ፒያሳ መኪና ተጨናንቆ ስትቆም? መልሱ የሥራውን ግማሽ ይጨርስላችኋል።

ሁልጊዜ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይም ጉልበት የላትም

ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ እየሠራ አይደለም ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ (እሳት የሚያበራው) ገመዶችን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ ብቻ። የነቀላችሁትን ጫፍ የሞተሩ ብረት አጠገብ አስጠጉት፣ አየር ላይ ከቀረ ቦቢናውን (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን) ይጎዳል። ሲነቀል ሞተሩ ይበልጥ ከተንቀጠቀጠ ያ ሲሊንደር ደህና ነው። ምንም ለውጥ ካላመጣ በሽተኛው እሱ ነው።

የሲሊንደሮቹን ቁጥር እወቁ። ከመኪናዋ ኋላ ስትቆሙ በቀኝ በኩል ወደ ውስጥ ያለው 1፣ ወደ እናንተ የቀረበው 2 ነው። በግራ በኩል የውስጡ 3፣ የቅርቡ 4። እሳት የሚያገኙት በ1፣ 4፣ 3፣ 2 ቅደም ተከተል ነው። ካንዴላ ከተቀየረ በኋላ መተኮስና መንተፋተፍ የጀመረች መኪና ብዙ ጊዜ ሁለት ገመድ ተቀያይሮባት ነው።

የሞተውን ሲሊንደር ካንዴላ ከደህናው ጋር አቀያይሩ። ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላ ግዙ፤ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። እዚያው ከቀረ ወደ ቫልቭ ሂዱ። በተለይ ቁጥር 3 ከሆነ ቶሎ በሉ። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ እሱ የሚሄደውን ንፋስ ስለሚጋርደው ከሁሉም በላይ የሚሞቀው እሱ ነው፤ የጭስ ቫልቩም መጀመሪያ ይቃጠላል።

ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው፤ ሌሊቱን ያደረች መኪና ላይ ጠዋት ከመነሳቷ በፊት። ለአብዛኞቹ የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ሞተሮች ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የ13 ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ቀጭን የክፍተት መለኪያ ይበቃል። ቫልቩ ትንሽ ቢንኳኳ አትደንግጡ። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። ክፍተቱ የጠፋ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ማስተላለፍ ያቅተውና ይቃጠላል፤ ያኔ ወጪው ከማስተካከያ አልፎ ሞተር ማውረድ ይሆናል። ክፍተቱ ልክ ሆኖ ሲሊንደሩ አሁንም ከሞተ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) አስለኩ።

ስትነሳ ደህና ናት፣ ስትሞቅ ታቋርጣለች

ከኮምቦልቻ ተነስታ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ማቋረጥ የምትጀምር፣ ትንሽ ስትቆም ደግሞ የምትድን መኪና ብዙ ጊዜ የእሳት ችግር ነው ያለባት። ኮንደንሰሩን (ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) ጠርጥሩ። እሳት አከፋፋዩን ዲስትሪቢዩተር ክፈቱና ኮንታክት ፖይንቱን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውንና የሚቆርጠውን) እዩ፤ ከተቃጠለና ከተቦረቦረ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ስትነኩ የእሳቱ ሰዓትም ስለሚዛባ ታይሚንጉን ሳታስተካክሉ አትዝጉት። ካልተሻላት ቦቢናውን በሌላ ሞክሩ። የቤንዚን ማጣሪያውንም እግረ መንገዳችሁን እዩት፤ የዛገ ታንክ ያላት መኪና ዳገት ላይ ቤንዚን ያጥራታል።

ጭጋግ ባለበት ጠዋት ተነስታ ከደቂቃዎች በኋላ ትታፈናለች

ይህ የደሴ ክረምት ችግር ነው፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ቤንዚን ሲተን ቱቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበት ካለ ካርቡራተሩ ሥር ውሃ ያልበዋል፣ አንዳንዴም በረዶ ይሠራል። ለዚህ ሲባል ከጭስ መውጫው ተነስቶ በካርቡራተሩ ሥር የሚያልፍ ቀጭን የማሞቂያ ቱቦ አላት። ዕድሜ ሲጠና በጥላሸት ይደፈናል። ሞተሩ ከሠራ በኋላ እጃችሁን ሳታሳርፉ አስጠጉ፤ ቱቦው በጣም መሞቅ አለበት። ከቀዘቀዘ ማኒፎልዱን (የአየርና ቤንዚን መግቢያ ቱቦውን) አውርዳችሁ በሽቦ ገመድና በታመቀ አየር አጽዱት። ካርቡራተሩን ሺህ ጊዜ ብታጥቡት ይህን አያድነውም።

ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ስትሠራ) ትጠፋለች፣ ቤንዚን ሲሰጣት ግን ደህና ናት

አየር ከማይገባበት እየገባ ነው። የማኒፎልዱን ላስቲኮችና የካርቡራተሩን ሥር እዩ። ሞተሩ እየሠራ እነዚህ ቦታዎች ላይ ትንሽ ውሃ እርጩ፣ ዲስትሪቢዩተሩን ሳትነኩ። ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቤንዚን ረጭቶ መፈተን የሚባለውን ግን ተዉት፣ መኪና ያቃጥላል።

ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ

አሁን ካርቡራተሩ ተራው ደረሰ። መጀመሪያ ቾኩን (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰውን ክዳን) እዩ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ የኤሌክትሪክ ገመዱ ተነቅሎ ይሆናል። ከዚያ ከፍታውን አስቡ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደለመደው ይሰጣል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ የሚኒሞ ቤንዚን ማስተካከያዋን ትንሽ ብሎን ቀስ እያላችሁ ወደ ውስጥ አዙሩ፤ ሞተሩ መውረድ ሲጀምር ለስላሳ እስኪሆን መልሱ። ይህ ሚኒሞውን ያስተካክላል እንጂ በጉዞ ላይ ያለውን ጭስ አያጠፋም። ለጉዞው አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ዋና ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ልክ ያላት ቀዳዳ) ይበጃል።

ጄቱን ከቀየራችሁ የድሮውን አትጣሉ፣ መኪናው ውስጥ ይኑር። ባቲን አልፋችሁ ወደ ሚሌ ቆላ ልትወርዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት መልሱት። ያን ትንሹን ይዛችሁ ከወረዳችሁ ቤንዚኑ ያንሳታል፣ ሞተሩም ይግላል፣ ቁጥር 3ም ከሁሉም ቀድሞ ይጎዳል።