አሮጌ ቼንሶ አልነሳ ሲል፣ ሲጮህ፣ ሲጠፋ፦ ካርቡራተር ከመነካቱ በፊት

ጅማ ዙሪያ ሰቃ በሉት ደዶ በሉት አጋሮ፣ ባህር ዛፍ የሚጥልና ጣውላ የሚሰነጥቅ ሰው ጋ የድሮ ስቲል ወይም ሁስክቫርና ቼንሶ (የሞተር መጋዝ) አይጠፋም። እኔ እነዚህን ማሽኖች ከልቤ ነው የምወዳቸው። ሁሉ ነገራቸው በቡሎን ይፈታል፣ ኩሽኔታቸው ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፣ ስቲል 070 ለምሳሌ 106 ሲሲ ነው፣ ወፍራም ግንድ ውስጥ ሲገባ አሁን ገበያውን የሞላው ርካሽ ኮፒ አጠገቡ አይደርስም። ግን ማሽኑ ትንሽ ሲያስቸግር ሁሉም ሰው ካቻቢቴ ይዞ መጀመሪያ የሚሄደው ካርቡራተሩ ላይ ወዳሉት ሁለት ቪቴዎች (የቤንዚን ማስተካከያ ብሎኖች) ነው። ያዞራል፣ ትንሽ ይሻለዋል፣ ደግሞ ያዞራል፣ ሳይቆይ ፒስተኑ ተቧጦ ይመጣል። የካርቡራተር በሽታ የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ በሌላ በኩል የገባ አየር ነው፣ ወይ መተንፈሻው የተደፈነ የቤንዚን ክዳን፣ ወይ የቆሸሸ ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያመጣው ነጥብ)። ስለዚህ እባካችሁ ቪቴዋን ለመጨረሻ አቆዩአት።

ገመዱን ስትስቡ ምንም አይልም

ካንዴላውን ፍቱትና እዩት። እርጥብ ነው ደረቅ? ግማሹ መልስ እዛው ነው ያለው።

እርጥብ ከሆነ ቤንዚን እየደረሰ ነው፣ እሳት ነው የጠፋው ወይም ቤንዚን በዝቶበታል። ካንዴላውን ሽቦው ላይ መልሱና ብረቱን ከሲሊንደሩ ክንፍ ጋር አስነክታችሁ ገመዱን ሳቡ፣ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን አርቁት ምክንያቱም ከዛ የሚረጨው ቤንዚን ሊቀጣጠል ይችላል። ሰማያዊ ጠንካራ እሳት ካለ ቤንዚን በዝቶበት ነው፣ ቾኩን ከፍታችሁ ጋዙን እስከመጨረሻው ይዛችሁ ካንዴላ ሳይኖረው ደጋግማችሁ ሳቡት፣ ይደርቃል። እሳት ከሌለ ቦቢና (እሳቱን የሚያመነጨውን ጥቅል) ልትገዙ ከመሄዳችሁ በፊት ከማጥፊያው የምትመጣውን ቀጭን ሽቦ ንቀሉና ሞክሩ። በድሮ ማሽን ላይ ይቺ ሽቦ ላስቲኳ ተልጦ አካሉን ትነካና እሳቱን ትገድለዋለች፣ ጥገናው አንድ ቁራጭ ቴፕ ነው።

ሽቦዋ ደህና ከሆነች ፑንቲና ያለው ማሽን ከሆነ ፑንቲናውን እዩ። የእኛ አገር ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥብ ነው፣ ያን ጊዜ ቆሞ የከረመ ማሽን ፑንቲናው ላይ ዝገት የመሰለ ነገር ይይዛል። ቮላኖውን (ማግኔት ያለበትን የሚሽከረከር ጎማ) አውጥታችሁ ወይም በቮላኖው መስኮት በኩል (መስኮት ካለው) በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፣ ከዛ በቤንዚን በነካካችሁት ንጹህ ወረቀት መሃሉን አጽዱት ምክንያቱም የቀረ ብናኝ ካለ መልሶ ያው ነው። በጣም ሲከፈት ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.4 ሚሜ ይሁን። ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ ጉድጓድ የሚያወጣ ከሆነ ጥፋቱ የኮንደንሰሩ ነው፣ ፑንቲና ብቻ እየለወጡ መሄድ ገንዘብ ማቃጠል ነው። የካንዴላው ክፍተት 0.5 ሚሜ፣ የቦቢናውና የቮላኖው ርቀት ደግሞ 0.2 እስከ 0.3 ሚሜ፣ አንድ ቢዝነስ ካርድ መሃላቸው ከቶ ማጥበቅ ይበቃል።

ካንዴላው ደረቅ ከሆነስ? በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ጨምሩ፣ ካንዴላውን መልሱና ሳቡት (ንጹህ ቤንዚን አይደለም፣ ዘይት ያለው)። ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ እሳትም ኮምፕረሽንም አለ፣ ቤንዚኑ ነው የማይደርሰው። ከታንኩ ጀምሩ፦ ታንክ ውስጥ ያለችውን ፊልትሮ በሽቦ ሜንጦ አውጥታችሁ ለውጡ፣ ቱቦዋን ጎትቱና እዩ፣ አርጅታ ስንጥቅ ካላት ቤንዚን ሳይሆን አየር ነው የምትስበው። ቀጥሎ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ወንፊት፣ ቀጥሎ ዲያፍራሙ (ስሱ ላስቲክ)። ዲያፍራም ሲያረጅ እንደ ወረቀት ይደርቃል፣ ጣታችሁ ላይ አጥፉት፣ ካልተለሳለሰ አልቋል። ሙሉ ኪት ስትገዙ የማሽኑን ስም ብቻ አትናገሩ፣ ካርቡራተሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፣ ቲሎትሰን ነው ዋልብሮ ነው ዛማ ነው የሚለው ይለያያል።

ሦስተኛው ኮምፕረሽን ነው። ማሽኑን መሬት አስጠግታችሁ በገመዱ እጀታ አንጠልጥሉት፣ ክብደቱ ቀስ እያለ እየተንገጫገጨ ከወረደ ደህና ነው፣ ሳይዘው ዥው ብሎ ከወረደ ደክሟል። መለኪያ ያለው ሰው ከ120 ፒኤስአይ በላይ ካገኘ ጥሩ ነው፣ ከ100 በታች ከሆነ ለመነሳት ያስቸግራል።

ይሰራና ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል

ይሄ በጣም የሚያሳስት ነው። ልክ እንደጠፋ ወዲያው የቤንዚን ክዳኑን አላሉት። ፍስስ ብሎ አየር ከሳበና ከዛ በኋላ ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል፣ በሰጋቱራና በዘይት ተደፍኖ ማለት ነው፣ በቤንዚን አጥባችሁ በአፍ ሳይሆን በፓምፕ ንፉት፣ አለቀ። ክዳኑ ምንም ካላመጣና ማሽኑ ሲሞቅ ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሳ ከሆነ ግን እንደጠፋ በሞቀው ላይ እሳቱን ሞክሩ። ሙቅ ሆኖ እሳት ከሌለው፣ በርዶ ካለው፣ ቦቢናው ወይም ኮንደንሰሩ ነው። በርዶ እያለ ብቻ የሚሞክር መካኒክ ይሄንን በፍጹም አያገኘውም፣ "ጋሼ ማሽኑ እኮ ምንም የለውም" ብሎ ይመልሰዋል፣ ባለቤቱም ጫካ ውስጥ እንደገና ይቆማል።

ውሃም አለ። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የገዛችሁ ከሆነ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ትንሽ አቆዩት፣ ውሃ ካለው ከስር ተለይቶ ይታያል።

ጋዝ ለቃችሁ እያለ ይጮሃል፣ ሚኒሞው (ያለ ጋዝ የሚዞርበት ፍጥነት) አልወርድ ይላል

እዚህ ላይ ቁሙ። ማሽኑን አጥፉት፣ አትስሩበት። ይሄ ምልክት ብዙ ጊዜ የሚለው ነገር "ያልተፈቀደ አየር እየገባ ነው" ነው። አየር ሲጨመር ቤንዚን ያንሳል፣ በባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱ የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ቤንዚን አነሰ ማለት ዘይትም አነሰ ማለት ነው፣ ያኔ ፒስተኑ ይነክሳል። አንዳንዱ ቪቴዋን ከፍቶ ቤንዚን በመጨመር ሊያስተካክለው ይሞክራል፣ ለጊዜው ድምፁ ይስተካከላል፣ ቀዳዳው ግን እየሰፋ ይሄዳል።

አየር የሚገባባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መሃል ያለው ላስቲክ ወይም ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የሲሊንደሩ ስር ጓርኒሲዮን፣ እና ሁለቱ ፓራኦሊዮዎች (የዘንጉ ማሸጊያ ላስቲኮች)፣ አንዱ ከቮላኖው ጀርባ አንዱ ከፍሪሲዮኑ (ከክላቹ) ጀርባ። ለማግኘት ማርሚታውንና (የጭስ ማውጫውንና) ካርቡራተሩን አውጡና ሁለቱንም ቀዳዳ በካላማዳሪ ቁራጭ ድፈኑ፣ ከካርቡራተሩ ጋር የምትገናኘው ትንሿ የግፊት ቀዳዳ ብቻዋን ያለች ከሆነ እሷንም፣ ፒስተኑን ወደ ታች አውርዱ፣ በካንዴላው ቀዳዳ በብስክሌት ፓምፕ ቀስ ብላችሁ ንፉ፣ ግማሽ ባር ይበቃል፣ ከዛ በላይ ከሄዳችሁ ደህናውን ፓራኦሊዮ እናንተ ታስለቅቁታላችሁ። የሳሙና ውሃ ቀቡ፣ አረፋ የሚያወጣበት ቦታ እሱ ነው። አረፋ ጠፍቶ ማሽኑ አሁንም የሚጮህ ከሆነ ፓራኦሊዮዎቹን ጠርጥሩ፣ ወደ ውጪ ሲነፋ ይዞ ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚለቅ ፓራኦሊዮ አለ።

ፓራኦሊዮና ኩሽኔታ የግድ ከማሽኑ ወኪል መምጣት የለበትም። ላያቸው ላይ ያለውን ቁጥር ወይም የውስጥ፣ የውጪና የውፍረት ልኬት ይዛችሁ ኩሽኔታ የሚሸጥ ሱቅ ሂዱ፣ ደህና ጥራት ያለውን ምረጡ። ፍሪሲዮኑን ስትፈቱ ደግሞ አብዛኞቹ ላይ ጥርሱ ግራ ነው፣ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚፈታው። ሞተሩን ለመያዝ ብረት አትክተቱ፣ ለስላሳ ገመድ በካንዴላው ቀዳዳ አስገቡ፣ ፒስተኑ እሱ ላይ ይቆማል።

ኃይል የለውም

መጀመሪያ የአየር ፊልትሮና የማርሚታ ጥላሸት። የመኪና ሞተር ዘይት የሚቀላቅል ሰው ማርሚታው ቶሎ ይደፈናል፣ የባለ ሁለት ምት ዘይት ተጠቀሙ። ልኩ፦ ጥሩ ዘይት ከሆነ ብዙ ማሽን 50 ለ 1 ይላል፣ ማለት ለ5 ሊትር 100 ሚሊ። የዘይቱን ጥራት ካላወቃችሁት ወይም ማሽኑ በጣም የድሮ ከሆነ 25 ለ 1፣ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ። በዓይን መጠን አይሆንም፣ የመድኃኒት መለኪያ ብልቃጥ ይበቃል። ዘይት ስትጨምሩ ቤንዚኑ በዛው ልክ ስለሚያንስ ልኩን በለወጣችሁ ቁጥር ካርቡራተሩን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ከዛ ማርሚታውን አውጥታችሁ በቀዳዳው ፒስተኑን እዩ። ጭረቱ በማርሚታው በኩል ከሆነ የቤንዚን ማነስ ወይም ሙቀት ነው፣ ማለትም የአየር ቀዳዳውን ሳታገኙ አዲስ ፒስተን ብታስገቡ ያንንም ይበላዋል። በካርቡራተሩ በኩል ከሆነ ቆሻሻ ነው የገባው፣ ፊልትሮው። ሲሊንደሩ ላይ የተለጠፈውን አሉሚኒየም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ማንሳት ይቻላል፣ ጥፍራችሁ የሚያዝበት ጉድጓድ ካለ ግን ሲሊንደሩ አበቃ። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ብቻ ለውጦ ማለፍ የተበላሸ ሲሊንደርን አያድንም።

አሁን ቪቴዋ

ከላይ ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ነው እዚህ የምንመጣው። ጅማ ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ከባህር ጠለል ሲነጻጸር ስስ ነው፣ ስለዚህ ቆላ የተስተካከለ ማሽን እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ይደክማል። የሚያስፈራው ግን ተቃራኒው ነው። ጅማ ላይ ጥርት አድርጋችሁ ያስተካከላችሁትን ይዛችሁ ጋምቤላ ብትወርዱ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሳታውቁት ፒስተኑን ታቃጥላላችሁ። ቆላ ስትወርዱ ከፈት አድርጓት።

ሁለቱንም ቀስ ብላችሁ እስኪነኩ ዝጉ (አትጫኑ፣ ጫፏ ትበላሻለች)፣ ከዛ አንድ አንድ ሙሉ ዙር ክፈቱ። አስነሱት፣ ይሙቅ። ሰንሰለቱ በሚኒሞ መዞር የለበትም፣ እየዞረ ከሆነ ሚኒሞውን አውርዱ፣ አሁንም ከዞረ የፍሪሲዮን ሞላ ተበጥሷል ወይ ላልቷል። የሙሉ ጋዟን ቪቴ (H) በድምፅ ነው የምትሰሟት፦ እንጨት ሳይነካ ሙሉ ጋዝ ለአጭር ጊዜ ስትሰጡት ትንሽ እየተቆራረጠ፣ እንደ መንተባተብ እያለ መጮህ አለበት፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጥርት ማለት አለበት። ባዶውን ጥርት ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ክፈቱ። ጣውላ ለመሰንጠቅ ከሆነ ማሽኑ ረጅም ጊዜ በሙሉ ጋዝ ስለሚቆይ ከዛም ትንሽ ከፈት ይበል።

ይቆርጣል ግን ይጠመማል፣ ያጨሳል

ሰጋቱራው ዱቄት ከሆነ ሰንሰለቱ ደንዝዟል፣ ፍርፋሪ ነው መውጣት ያለበት። በአንድ በኩል የሚጠመም ከሆነ የአንዱ ጎን ጥርስ ከሌላው አጥሯል ወይ ደንዝዟል፣ ረጅሞቹን ወደ አጭሩ አምጧቸው፣ ካልሆነ የባሩ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) አንዱ ጠርዝ ተበልቷል። ሞረዱ ለ0.325 ኢንች ሰንሰለት 4.8 ሚሜ፣ ለ3/8 ኢንች 5.2 ሚሜ፣ 070 ላይ ለሚገባው 0.404 ኢንች 5.5 ሚሜ ነው። ለመቁረጥ 30 ዲግሪ፣ ለጣውላ 10 ዲግሪ። ከጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ከጥርሱ 0.65 ሚሜ ዝቅ ትበል፣ በጣም ካወረዳችኋት ማሽኑ ይዘላል።

ቡና ለምትጎነድሉ፦ ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲም ላይ፣ ሰያፍ አድርጎ ነው፣ አፈሩንና ሙጃውን መጀመሪያ ጥረጉ፣ አንዴ አፈር የነካ ሰንሰለት ቀኑን ሙሉ ያስቸግራል። ቀጫጭኑን ግንድ በእጅ መጋዝ ብትጎነድሉት ይሻላል፣ ቼንሶ ይይዘውና ያወራጨዋል።

ካጨሰ ዘይት እየደረሰ አይደለም። ባሩን ከነጭ ካርቶን ትንሽ አራርቃችሁ ጋዝ ስጡ፣ የዘይት መስመር ካልታየ የባሩን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጥረጉ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አታድርጉበት፣ የብረት ብናኝ አለው፣ ፓምፑንም ባሩንም ይበላል፣ ቆዳን የሚጎዳና ለካንሰር የሚዳርግ ነገር ደግሞ ልብሳችሁ ላይ ይረጫል።

ከድሮዎቹ ብዙዎቹ የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም። የባሩ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ ማሽኑ ወደ ፊታችሁ ነው የሚመለሰው፣ ጥገና የማይፈታው ነገር ይሄ ነው። ስለዚህ በጫፉ አትቁረጡ፣ የግራ እጃችሁን አውራ ጣት ከእጀታው ስር አዙራችሁ ያዙ፣ ከትከሻ በላይ አታንሱት፣ ፍሬን ያለው ማሽን ካላችሁ የቅርንጫፍ ስራውን ለሱ ስጡት።

ሰኔ ላይ ስታስቀምጡት ታንኩን አፍስሱ፣ አስነስታችሁ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን እስኪጨርስ ይሽከርከር፣ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ዘይት ጨምሩ፣ ካንዴላውን መልሱና ገመዱን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ፒስተኑ ወደ ላይ ደርሶ ገመዱ ሲከብድ እዛው ተዉት።