የማካቢ ቴል አቪቭን ታሪክና ውጤት እንዴት እናንብብ? (ዋንጫ ቆጥሮ መሄድ አይበቃም)

ብዙ ሰው የአንድ ባስኬት ክለብ ገፅ ይከፍትና ዋንጫውን ቆጥሮ ይወጣል። ማካቢ? 6 የአውሮፓ ዋንጫ፣ 1977፣ 1981፣ 2001፣ 2004፣ 2005፣ 2014፣ አለቀ። እኔ ግን ዋንጫ የመጨረሻ ነው ማየው፣ ምክንያቱም ከ6ቱ ውስጥ ሁለቱ እንኳን በአንድ አይነት መንገድ የተበሉ ዋንጫዎች አይመስሉኝም። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ቢጫ ማሊያ ለብሶ የሚጮህ ጎረቤት አታጡም፣ ቢያንስ ከሱ ጋር ለመከራከር ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ስሞቹን አጥሩ። አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ሲዝኑ መስከረም ጥቅምት ላይ ጀምሮ ግንቦት ሰኔ ላይ ስለሚያልቅ "የ2004 ዋንጫ" ሲባል የ2003-04 ሲዝን ማለት ነው። ከዛ የስፖንሰር ጣጣ አለ። የአውሮፓ ባስኬት ክለብ ስሙን ለስፖንሰር ይሸጣል፣ ማካቢ ራሱ ለብዙ አመት ማካቢ ኤሊት ነበር (የቸኮሌቱ ኩባንያ)፣ ከዛ ኤሌክትራ፣ ከዛ ፎክስ፣ ከዛ ፕሌይቲካ። ተጋጣሚዎቹ ደሞ ይብሳሉ። በ2005 ሞስኮ ላይ 90-78 የተሸነፈው ታው ሴራሚካ ዛሬ ባስኮኒያ ምንለው ነው። ቦሎኛ ላይማ በጣም ተጠንቀቁ፣ በ1981 ስትራስቡርግ ላይ በአንድ ነጥብ፣ 80-79፣ የተሸነፈው ሲኑዲኔ ማለት ቪርቱስ ቦሎኛ ነው፣ በ2004 የተቀጠቀጠው ስኪፐር ግን ፎርቲቱዶ ቦሎኛ ነው፣ ከተማው አንድ ቢሆንም ክለቦቹ አይንህን ላፈር የሚባባሉ ናቸው። "ማካቢ ቦሎኛን ሁለቴ ፍፃሜ ላይ አሸነፈ" ብሎ የሚፅፍ ሰው ካያችሁ እዚህ ጋ ነው የተምታታበት።

ቀጥሎ የውድድሩን ፎርማት እዩ፣ ያለሱ ስኮር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። 1977ን ውሰዱ። ያኔ ፋይናል ፎር (አራት ቡድን አንድ ከተማ ላይ ተሰብስቦ ግማሽ ፍፃሜና ፍፃሜ የሚጫወትበት) የሚባል ነገር የለም፣ የግማሽ ፍፃሜው ዙር 6 ቡድን ደርሶ መልስ የሚጫወትበት ምድብ ነበር፣ ሁለቱ ፍፃሜ ይገባሉ። ማካቢ ከሞስኮው ሲኤስኬኤ ጋር ደረሰው፣ ሶቭየት ህብረት ከእስራኤል ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት አልነበራትም፣ ቴል አቪቭ አንመጣም አሉ፣ ስለዚህ ጨዋታው ቪርተን የምትባል ትንሽ የቤልጂየም ከተማ ሄደ። 91-79 ማካቢ። የማካቢው ተጫዋች ታል ብሮዲ "ካርታው ላይ ነን፣ ካርታው ላይም እንቆያለን" ያለው እዛ ነው። ፍፃሜው ቤልግሬድ ላይ ከጣሊያኑ ቫሬዜ ጋር ነበር፣ 78-77፣ በዛው ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር ራቢን ስልጣን እለቃለሁ ብሎ አወጀ። እንግዲህ ሰንጠረዡን ብቻ ካያችሁ 78-77 ነው የሚታያችሁ፣ በዛ አመት ሰው ልብ ውስጥ የቀረው ጨዋታ ግን የቪርተኑ ነው፣ እሱ ደሞ ዋንጫ ዝርዝር ውስጥ የለም።

2001 ላይ ስትደርሱ ማስታወሻ ያዙ። በዛ ሲዝን አውሮፓ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፣ ፊባ (አለም አቀፉ የባስኬት ፌዴሬሽን) ሱፕሮሊግ የሚል አዘጋጀ፣ ዩሌብ (የአውሮፓ ሊጎች ማህበር) የራሱን ዩሮሊግ አዘጋጀ። ማካቢ ሱፕሮሊጉን ፓሪስ ላይ የግሪኩን ፓናቲናይኮስን 81-67 አሸንፎ ወሰደ፣ ዩሮሊጉን ኪንደር ቦሎኛ (ያው ቪርቱስ) ወሰደ። የአንድ አመት ሁለት ሻምፒዮን። ለኔ ሙሉ ዋንጫ ነው፣ ግን አብሯችሁ የሚያወራው ሰው ቢከራከር ነጥብ የለውም አልልም።

2003-04ን ደሞ ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት። ፍፃሜው ቴል አቪቭ ላይ 118-74 ነው፣ 44 ነጥብ ልዩነት፣ በፍፃሜ ይሄ ቀልድ ነው። ስኮሩን ያየ ሰው በቀላሉ ዋንጫ የበሉ ይመስለዋል። አሁን ወደ ሚያዝያ መጀመሪያ ተመለሱ፣ ቶፕ 16 (16 ቡድን የቀረበት የምድብ ዙር)፣ ከሊቱዌኒያው ዛልጊሪስ ጋር፣ ሁለት ሰከንድ ምናምን ሲቀረው በ3 እየተመሩ ነበር፣ ወጥተዋል በቃ። የማካቢው ዴሪክ ሻርፕ ኳሷን ይዞ ዞሮ ሶስት ነጥብ አገባ፣ ኦቨርታይም (ጭማሪ ሰአት)፣ 107-99 ማካቢ። እሷ ኳስ ባትገባ 118-74 የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሁሌ ትልቅ ውጤት ስታዩ "እዚህ ለመድረስ የትኛው ጨዋታ ሊያስወጣቸው ነበር" በሉ። 2014ም እንደዛው ነው፣ ሚላን ላይ ሲኤስኬኤን 68-67፣ ከዛ ሪያል ማድሪድን በኦቨርታይም 98-86፣ ታይሪስ ራይስ 26 ነጥብ፣ 14ቱ በኦቨርታይሙ ብቻ።

የተሸነፉትን ፍፃሜዎችም ቁጠሩ ባካችሁ። 1980፣ 1982፣ 1987፣ 1988፣ 1989፣ 2000፣ 2006፣ 2008፣ 2011። 9 ናቸው! 87ና 88 ሁለቱም በሚላን፣ 89 በዩጎፕላስቲካ ስፕሊት፣ በተከታታይ ሶስት። 6 ካሸነፈ ክለብ ይልቅ 15 ፍፃሜ የደረሰ ክለብ ነው ብላችሁ ብታስቡት ይሻላል።

የሀገር ውስጡን ሊግ ብዙ አትፍተሹት፣ ከ1970 እስከ 1992 በተከታታይ 23 ጊዜ በልተውታል፣ በ1993 ሃፖኤል ጋሊል ኤልዮን እስኪሰብረው ድረስ። ከዛ በላይ የሚወጣው ነገር ትንሽ ነው።

የዘንድሮን ውጤት ስታዩ ሁለት ነገር ያዙ። አንድ፣ ሁለት ቡድን እኩል ሲሆኑ የሚታየው እርስ በርስ የተጫወቱት ነው፣ እሱም እኩል ከሆነ የሁለቱ ጨዋታ የነጥብ ልዩነት። ለዛ ነው በ12 አሸንፎ የነበረ ቡድን በመልሱ በ7 እየተሸነፈ መጨረሻው ላይ ኳሷን ይዞ ተረጋግቶ የሚቆመው። ሁለት፣ "በሜዳው" የሚለውን ዝም ብላችሁ አትመኑ፣ በ2023-24 እና በ2024-25 በጦርነቱ ምክንያት ማካቢ አብዛኛውን የዩሮሊግ የሜዳ ጨዋታውን ቤልግሬድ ነበር ያደረገው፣ ከያድ ኤሊያሁ (ቴል አቪቭ ካለው አዳራሹ) ጩኸት ጋር አይገናኝም።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ አንድ ተጋጣሚ መርጣችሁ ተከተሉት፣ እኔ ፓናቲናይኮስን እመርጣለሁ። በ2000 ቴሳሎኒኪ ላይ 73-67 ማካቢን ሲያሸንፉ ለግሪኮቹ ጥሩ ከተጫወቱት አንዱ ኦዴድ ካታሽ ነው፣ የራሱ የማካቢ የድሮ ልጅ። በ2001 ማካቢ መለሰ፣ በ2011 ባርሴሎና ላይ ፍፃሜውን 78-70 እንደገና ግሪኮቹ፣ በ2012 ፕሌይኦፍ (ቀድሞ 3 ያሸነፈ የሚያልፍበት ሩብ ፍፃሜ) 3-2 አሁንም እነሱ። ከዛ በ2024 ፕሌይኦፍ 3-2 ፓናቲናይኮስ፣ የማካቢ አሰልጣኝ ማን ነው? ካታሽ። ፓናቲናይኮስ ከዛ በርሊን ሄዶ ሪያልን 95-80 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፣ ስለዚህ ሻምፒዮኑን እስከ አምስተኛ ጨዋታ የወሰደው ቡድን የሜዳ ጨዋታውን በሰው ሀገር ያደረገው ማካቢ ነው ማለት ነው፣ ሰንጠረዡ ላይ ግን "ሩብ ፍፃሜ" ብቻ ነው የሚለው።