የቲቢ ክኒን ሲያስቸግር፦ የቱ ይታለፋል፣ የቱ ያስሮጣል

በየቀኑ መዋጥ፣ ለ6 ወር አለማቋረጥ። ይሄን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። ሐዋሳ ውስጥ በቲቢ ክፍል ስሠራ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝን ልንገራችሁ።

ሽንት ብርቱካናማ ሆነ? ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን ነው። ላብና እንባም ይቀልማል። ምንም አይጎዳም፣ እለፉት።

እግር ካቃጠለ ወይም ከደነዘዘ ሌላው የቲቢ መድኃኒት፣ አይሶናያዚድ ነው። ቫይታሚን ቢ6 ይታዘዛል። ስኳር ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ቀድሞ ይንገረን። መገጣጠሚያ ሲያም አብዛኛውን ጊዜ ፓይራዚናማይድ ነው፤ ማስታገሻ ይታዘዝለታል።

ዓይን ብዥ ካለ፣ ወይም ቀይና አረንጓዴ ከተምታታ ኢታምቡቶል ነው። ክኒኑን አቁማችሁ በዚያው ቀን ኑ። መነጽር ፍለጋ አትዙሩ!

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ጉበት። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ከምትውጧቸው 4 መድኃኒቶች 3ቱ ጉበት ይነካሉ። የሚተርፈው ኢታምቡቶል ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ አመጣጡ ነው። መጀመሪያ ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል፣ አቅም ያሳጣል። ሰው ሁሉ ጨጓራ ነው ይላል። ቀለል ያለ ማቅለሽለሽ ክኒኑን ከትንሽ ምግብ ጋር ሲውጡት ይተዋል። ካልተወ ግን፣ ማስመለስ ከጨመረ ግን፣ ዝም አትበሉ። ቀጥሎ ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ይሆናል። ይሄኔ ነው «የክኒኑ ቀለም ነው ብላችሁኛል» ተብሎ የሚታለፈው። የክኒኑ ቀለም ብርቱካናማ ነው፣ ከተዋጠ በኋላ ጎልቶ ቆይቶ እየደበዘዘ ይሄዳል። የጉበቱ ቡናማ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አይለቅም። የዓይን ነጩ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ጥርጥር የለውም።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ሰፈር ውስጥ «የወፍ በሽታ ነው» ተባለ። ቅጠል ተጨምቆ አጠጡት። ክኒኑንም አላቋረጠም፣ ጎበዝ ታካሚ ነዋ! ጉበቱ በክኒኑ ተመትቶ እያለ ምንነቱ የማይታወቅ ጭማቂ ተጨመረበት። ሰው ደግፎት ሲመጣ ቀኑን እንኳ አያውቅም ነበር። ተርፏል፣ ግን ሆስፒታል ብዙ ተኛ። ሌላዋ እናት ቅጠሉን በአረቄ በጥብጠው ነው የጠጡት። ይሄን የሚሸጡትን ሰዎች ምን እንደምላቸው አላውቅም፤ ቢያንስ «ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ምን ነበረበት?

መፍትሄው ይሄ ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ ሁሉንም ክኒን አቁሙ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የጉበት የደም ምርመራ ይሠራል። ጉበቱ ሲያገግም መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ እየተመለሱ ጥፋተኛው ይለያል። ይሄ የሐኪም ሥራ ነው። ቤት ቁጭ ብላችሁ «ዛሬ ግማሽ ልሞክር» አትበሉ። ከጎረቤት ክኒን መበደርም አይሞከርም፣ መጠኑ በክብደት ነው። መጠጥ እስከ መጨረሻው ክኒን ድረስ የለም፣ ጠላም ቢሆን። ፓራሲታሞልም ሳትጠይቁ አትደራርቡ።

መላ ሰውነት ሽፍታ ከወጣ፣ ቆዳ ከተላጠ ወይም ያለ ምክንያት ከደማችሁ፦ ብርቅ ነው፣ ግን አቁማችሁ ሩጡ።

ሴቶች፣ ሪፋምፒሲን የእርግዝና መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል። ኮንዶም ጨምሩ፣ ወይም ሌላ ዘዴ ጠይቁ። ዶሉቴግራቪር የምትወስዱ የኤችአይቪ ታካሚዎችም ንገሩን፤ በቀን አንድ ጊዜ የነበረው 50 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ ይሆናል።