ሰዓት ስትመዘግቡ ሰዓት ብቻ አትቁጠሩ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የሒሳብ ሥራ ቢሮ አለኝ። ከእኔ ጋር አራት ልጆች ይሠራሉ። የሥራ ሰዓታችሁን መዝግቡ ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። አልፈርድባቸውም። ያኔ የማየው ማን ብዙ ሰዓት እንደጻፈ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ሰዓቱን ለሁለት ክፈሉት። ደንበኛ የሚከፍልበት አለ፦ መዝገብ መያዝ፣ ለገቢዎች የሚቀርብ የቫት ማስታወቂያ ማዘጋጀት። የማይከፍልበትም አለ፦ አዲስ ልጅ ማሠልጠን፣ ስብሰባ፣ መብራት ሲጠፋ መጠበቅ። ሁለቱም ይጻፉ።

በውጭ አገር ብዙ የሕግ ቢሮዎች ሰዓቱን በ6 ደቂቃ ይቆርጡታል። እኛ በ15 ደቂቃ ነው የምንይዘው፤ ለእኛ ሥራ ይበቃል። ዋናው ነገር ሥራው እንዳለቀ ወዲያው መጻፉ ነው። ማታ ታስቦ የተጻፈ ሰዓት ግምት ነው። ደግሞ "ሒሳብ ሥራ" ብሎ መጻፍ እኛ ቢሮ አይፈቀድም። "የጥር ግዢ ደረሰኞችን መመዝገብ" ይባላል።

ኮምቦልቻ ደንበኛ ካላችሁ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የመመለሱ ሰዓት ይከፈልበት እንደሆነ ውል ስትፈራረሙ ጨርሱት። በኋላ ያጣላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሳምንት 48 ሰዓት ከሠራች ልጅ 30ው የሚከፈልበት ከሆነ፣ 62.5 በመቶ ነው። ከ30ው ደግሞ ደንበኛውን ያስከፈላችሁት 24ቱን ብቻ ከሆነ፣ 80 በመቶ ነው። እኔ አጥብቄ የምጠይቀው የቀሩት 6 ሰዓቶች የት እንደገቡ ነው።

አንዷ ሠራተኛዬ በአንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ሒሳብ ላይ ሁልጊዜ የሌሎቹን እጥፍ ትጽፍ ነበር። እጇ የማይፈጥን መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ መዝገቧን አነበብኩት። "የደበዘዙ ደረሰኞችን መስኮት ጋ ይዞ ማንበብ፣ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ" ይላል። ሰውየው የወሩን ደረሰኝ በፌስታል አጭቀው ነው የሚያመጡት። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ደግሞ ሙቀትና ፀሐይ አይችልም፣ ጽሑፉ ይጠፋል። ቁጥሩ 3 ይሁን 8 ለመለየት ልጅቷ ወረቀቱን እያዘነበለች ነበር የምታየው።

ያንን ገጽ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። "ሐጂ፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ትንሽ ዝም አሉ። "አብሽሪ ልጄ፣ ከእንግዲህ በየሳምንቱ እልካለሁ" አሉኝ። በቀጣዩ ወር ያ ሥራ 45 ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኳት።

ግን ልብ በሉ፤ በዚያ ወር የሚከፈልባት ሰዓት ቀነሰ። በሰዓት ብቻ ብለካት ኖሮ የወሩ ደካማ ሠራተኛ እሷ ትሆን ነበር። ስለዚህ ከሰዓቱ ጎን ሁለት ነገር እጨምራለሁ፦ ተመልሶ የታረመ ሥራ ስንት ነው? ቀኑ ሳያልፍ የደረሰውስ?

ወርን ከወር ስታወዳድሩም ጥንቃቄ አድርጉ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ቢሮው ትንፋሽ የለውም። የጥቅምትን ሰዓት ከጥር ጋር ሳይሆን ከአምናው ጥቅምት ጋር አስተያዩት።

አሁን አርብ 10 ሰዓት ላይ ቡና አፍልተን የሳምንቱን መዝገብ አብረን እናነባለን። የእኔን አስቀድማለሁ።