ቪዲዮዬ ላይ ይንሸራተት የነበረው ጥቁር መስመር እንዴት ጠፋ

የሚዲያ ተማሪዎች፣ ቤት ውስጥ ስትቀርጹ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር እየተንሸራተተ ካስቸገራችሁ ካሜራውን ለጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

እኔን ያጋጠመኝ አራት ኪሎ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ቃለ መጠይቅ ስቀርጽ ነው። ደጅ የቀረጽኩት ጥርት ያለ ነው። ውስጥ፣ በፍሎረሰንት መብራት ስር ያለው ግን ይርገበገባል። ሌንስ ቀየርኩ፣ ካርድ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ቤት ውስጥ ብቻ መበላሸቱ ነው ወደ መብራቱ የመራኝ።

የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፣ በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ መብራቱ ሁለቴ ይደምቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለው መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ፣ ደብዘዝ ይላል። ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። የኔው ካሜራ ደግሞ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት ላይ ነበር፤ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል)፣ ሹተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ። ይህ 60 ኸርዝ ለሚጠቀሙ እንደ አሜሪካ ላሉ አገሮች ነው የሚስማማው።

ሜኑ ውስጥ ገብቼ ለ50 ኸርዝ አገሮች ወደሚስማማው ሥርዓት፣ ወደ ፓል ቀየርኩት። 25 ፍሬም አደረግኩ፣ ሹተሩን 1/50 ላይ አቆምኩ። መስመሩ ወዲያው ጠፋ! 1/100ም ይሠራል፤ ግን ብርሃን ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴውም ትንሽ ቆረጥ ቆረጥ ይላል። እኔ 1/50ን እመርጣለሁ። አንዳንድ ካሜራ ወደ ፓል ሲቀየር ካርዱ ፎርማት ካልተደረገ (ያለበት ሁሉ ካልጠፋ) አልቀርጽም ይላል፤ የቀረጻችሁትን አስቀድማችሁ ኮፒ አድርጉ።

አንዳንድ ርካሽ ኤልኢዲ በራሱ ፍጥነት ስለሚርገበገብ በዚህ አይስተካከልም። እሱን አጥፍቼ ተጠያቂውን ወደ መስኮቱ አስጠጋዋለሁ።