ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ ያሳለፈው፦ የፈንክሽን አርጊውመንት ችግርና መፍትሄ

አርጊውመንት ፈንክሽን ሲጠራ የሚሰጠው ዋጋ ነው፤ ኮምፓይለር ደግሞ ኮዱን ፈትሾ ወደ ማሽን ሊሠራ ወደሚችል መልክ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ምሳሌያችን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ለሚሄዱ ጀልባዎች ቦታ የሚይዝ ፕሮግራም ነው።

ምልክት፦ ኮዱ ያለ ስህተት ኮምፓይል ይሆናል፤ ስምንት ሰው ወደብ ሲደርስ ግን የተያዘው ለሁለት ነው።

መንስኤ፦ ጥሪው ያዝ("ዘጌ"፣ 8፣ 2) ይላል። ስምንት ሰው በጠዋቱ 2 ሰዓት? ወይስ ሁለት ሰው በፈረንጅ 8? ጸሐፊው የፈለገው የመጀመሪያውን ነው፤ ፈንክሽኑ ግን ሰዓቱን ከሰው ብዛት አስቀድሞ ስለሚጠብቅ ሁለተኛውን ያዘ። ጠዋት 2 ሰዓት በፈረንጅ 8 ስለሆነ ኮዱን የሚያነብ ሰውም አይጠራጠርም። ለኮምፓይለሩ ሁለቱም ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ናቸው፤ ቦታ ቢቀያየሩ ግድ የለውም።

መፍትሄ፦ ለየብቻ ታይፕ (የዋጋ ዓይነት) ስጧቸው። በጃቫ ሪከርድ (ከጃቫ 16፣ እ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ)፣ በኮትሊን ቫልዩ ክላስ፣ በረስት አንድ ፊልድ ያለው ስትራክት ይበቃል። ለመነሻ ሰዓት ታይፑ ሁለት መፍጠሪያ ስሩ፤ አንዱ "ከሐበሻ ሰዓት"፣ ሌላው "ከፈረንጅ ሰዓት" ይባል፤ ስድስቱን ሰዓት መደመርና መቀነስ እዚያ ብቻ ይሁን። አሁን ጥሪው ያዝ(ዘጌ፣ ከሐበሻ(ጠዋት፣ 2)፣ ሰው(8)) ይሆናል፤ ቢገለበጥ ኮምፓይል አይሆንም። ኮትሊንና ሲ ሻርፕ አርጊውመንቱን ከነስሙ (ለምሳሌ "ሰው" ብሎ) መስጠትም ይፈቅዳሉ፤ ግን ስሙን የመጻፍ ግዴታ ስለሌለ የቸኮለ ሰው ይዘለዋል።

ጥሪው ትሩ፣ ፎልስ፣ ትሩ ብሎ ከተደረደረም በሽታው ያው ነው፤ ቡሊያኑን (ትሩ ወይም ፎልስ የሚለውን) በኢነም፣ ማለትም ስም ባላቸው አማራጮች ተኩት (ደርሶመልስ፣ መሄጃብቻ)።

ምልክት፦ ላይብረሪው (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የጋራ ኮድ) ላይ የመጠበቂያው ዲፎልት (ጠሪው ምንም ካልሰጠ የሚወሰደው ዋጋ) ከ15 ወደ 30 ደቂቃ ተቀየረ፤ የትኬት ቢሮው ፕሮግራም ግን አሁንም 15 ይጠብቃል።

በሲ ሻርፕ የዲፎልት ዋጋ ኮምፓይል ሲሆን የሚጻፈው ጠሪው ኮድ ውስጥ ነው። ላይብረሪውን ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ጠሪውም እንደገና ኮምፓይል ይሁን። ይህ የማይመች ከሆነ ዲፎልቱን ኑል (ባዶ) አድርጉና 30ን ፈንክሽኑ ውስጥ ሙሉ።

ምልክት፦ ጎ (Go) በሚባለው ቋንቋ "0 ደቂቃ ጠብቅ" ተብሎ ሲላክ ዲፎልቱን 15 ደቂቃ ይጠብቃል።

ያልተሞላ የስትራክት ፊልድም 0 ነው፤ ፈንክሽኑ "አልተሰጠም" እና "0 ተሰጥቷል" የሚለውን ሊለይ አይችልም። ፊልዱን ፖይንተር (ዋጋው ያለበትን ቦታ የሚጠቁም) አድርጉ፤ ኒል (ባዶ) ሲሆን ብቻ ዲፎልቱ ይግባ። አማራጮቹ ከአራት አምስት ካለፉ ግን ፖይንተር ያደክማል፤ ያኔ እያንዳንዱን አማራጭ ፈንክሽን አድርጎ መላክ ይሻላል፦ ያዝ(ዘጌ፣ መጠበቂያ(0))።

ምልክት፦ በጃቫ 12 የወንበር ቁጥር የያዘ የኢንት አሬይ ለአሬይስ.አዝሊስት ሲሰጥ የሊስቱ መጠን 1 ይሆናል።

ጀነሪክ (ለተለያየ ታይፕ የሚሠራ ኮድ) ፕሪሚቲቭ ኢንት (ዕቃ ያልሆነ ተራ ቁጥር) ስለማይቀበል አሬዩ እንዳለ እንደ አንድ ዕቃ ይቆጠራል። አሬዩን የኢንቲጀር (እንደ ዕቃ የሚቆጠር ቁጥር) አድርጉት።